እስክመጣ ድረስ

እኔና ሮብሌ የተዋደድነው በአማርኛ ነው። የእኔ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ፣ የእሱ ሶማሊኛ። አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ ለገበያ የሚበቃውን ያህል እንሰማለን፤ ለፍቅር የሚበቃ ግን አልነበረንም። ድሬዳዋ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሰው በአንዱ ይነግዳል፣ በአንዱ ይሳደባል፣ በአንዱ ያገባል። እኛ የተጋባነው በአማርኛ ስለሆነ ቤታችን ውስጥ «እወድሻለሁ»ም «ወጡ አረረ»ም የሚባለው በአማርኛ ነበር። ይሄን መጀመሪያ የምነግራችሁ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ያን ቅዳሜ ሮብሌ በአማርኛ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ የማወራችሁ ነገር ራሱ አይኖረኝም ነበር።

ናፊሳ እባላለሁ፤ የሐርላ ገጠር ልጅ ነኝ። አባቴ ፍየል ያረባል፣ እናቴ መሪያም ማሽላ ትዘራለች፣ ዝናብ ሲቀር ሁለቱም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እኔ ሰማይ ማየት ሰለቸኝና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ድሬ ወርጄ ቀፊራ ገበያ ቃሪያና ሎሚ መሸጥ ጀመርኩ። የዘረጋሁት ከሸምሶ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበር። ሸምሶን የማያውቅ የቀፊራ ሰው የለም፤ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያ የደረደረች፣ ስትቆጣ ገበያው ዝም የሚልላት ነጋዴ ናት። ሮብሌ የመጨረሻ ልጇ ነው። ትራንዚተር ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ያስለቅቃል፣ የሳምንቱን ግማሽ ደወሌ ጠረፍ ላይ ያሳልፋል። ድሬ ሲሆን ግን እናቱ ሱቅ ቁጭ ብሎ፣ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ካርቶን እየቀደደ ይጽፍልኝ ነበር።

የመጀመሪያው ካርቶን ላይ «የዛሬው ቃሪያሽ ያቃጥላል፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን ቃሪያው አይደለም» ይላል።

«አቦ የምን ቃሪያ! አንድ ቀን ገዝተኸኝ ታውቃለህ?» ብዬ በሎሚ ወረወርኩት። ግንባሩን አገኘሁት። ግንባሩን ይዞ ሲያየኝ፣ ያ አስተያየቱ፣ ወላሂ፣ እስከዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ሸምሶ ሰርጋችንን የተቀበለችው እንደ መርዶ ነው። «ከሐርላ የመጣች ቃሪያ ሻጭ!» አለች፤ ቀጥላም ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ሳትጠራ ኖረች። «ታስ» ነበር የምትለኝ፤ በሶማሊኛ «ያቺ» ማለት ነው። ታስ በላች? ታስ ተኛች? ከታስ ጋር ነው የምትሄደው? አንድ ቀን ተሳስቼ «ሆዮ» አልኳት፤ እማዬ እንደማለት ነው። ሱቋ ውስጥ ያለ ዕቃ ሳልጠየቅ ያነሳሁ ይመስል አየችኝ። ከዚያ ወዲህ «ኢዶ» ብቻ ሆነች፤ ኢዶ አክስት ነው፣ ማንኛዋንም ታላቅ ሴት ይጠሩበታል። ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ አክብሮቱም ርቀቱም በዚህች ቃል ውስጥ ናት።

የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ በወጉ መሠረት ሐርላ እናቴ ቤት ሄድኩ። ምጡ ሲጠናብኝ «ይሄ ነገር ደህና አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰዱኝ» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ። ሁለት ቀን አማጥኩ። በሦስተኛው ቀን በባጃጅ ድሬ ሲያደርሱኝ ዶክተሮቹ በኦፕራሲዮን ገላገሉኝ፤ ወንድ ልጅ ነበር፣ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። «ዳሌሽ ጠባብ ነው፤ ከእንግዲህ ምጥ አትጠብቂ፣ በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ። ማህፀንሽ ላይ ቁስል አለ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንዳታረግዢ» አሉኝ። እኔ ስድስት ወር አልቆየሁም። ማን አስገደደሽ ብትሉኝ ማንም። ጡቴ ወተት ይዞ እቅፌ ባዶ ሲሆን ነው ያስገደደኝ።

ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ሸምሶ ለጎረቤቶቿ «ዋ ላ ቀሌይ» ስትል ሰማኋት። ቃሏን አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ በግና ፍየል ሲታረድ የምትባለው ናት። ማታ ሮብሌ ላይ አለቀስኩበት።

«እናትህ ታረደች ብላ እያወራችብኝ ነው!»

«ቋንቋው ነው እንጂ እሷ አይደለችም፣ የኔ ሎሚ» አለኝ። «ሶማሊኛ ለቄራውም ለኦፕራሲዮኑም ያለው አንድ ቃል ነው። በጉም ላ ቀሌይ፣ የወለደችውም ላ ቀሌይ።»

«እና እኔ በግ ነኝ?»

«በግ ብትሆኚማ ዝም ትዪ ነበር።»

በእንባዬ መሀል ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጁን ሆዴ ላይ፣ ስፌቱ ላይ አሳርፎ አቆየው። የዚያን ቀን ያህል ተወድጄ አላውቅም።

*

ሁለተኛው እርግዝና ዘጠነኛ ወሩን ሲይዝ ዶክተር ዳጊ ቀን ቆረጠችልኝ። ዳጊ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስታወራ ዓይን ዓይን የምታይ ወጣት ዶክተር ናት። «ማክሰኞ ጠዋት። ከዚያ በፊት ትንሽ እንኳ ቁርጠት ከተሰማሽ፣ ትንሽ፣ ገባሽ? ቡና አፍልቼ፣ ልብስ አጥቤ የለም፤ በቀጥታ እዚህ።»

ሮብሌ ሐሙስ ወደ ደወሌ መሄድ ነበረበት፤ ሰኞ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት ለወንቀል የሚሆን በግ ገዝቶ እናቱ ግቢ አሰረ። ወንቀል ልጅ ሲወለድ የሚታረድለት ድግስ ነው። አጎቱ ዐብዲገኒ ግን በጉን ሲያይ ሌላ ሐሳብ መጣለት።

«አሁኑኑ ይታረድና ለደሃ ይበተን» አለ። «አምና የሆነው እንዳይደገም። ክፉውን ይመልሳል።»

«አዴር፣ ይሄ የልጄ በግ ነው» አለ ሮብሌ፤ አዴር የአባት ወንድም ነው። «ልጄን ሳላይ ቢላ አይነካውም።»

ተጨቃጨቁ። ዐብዲገኒ «እናያለን» ብሎ ወጣ፤ ሮብሌ ጥርሱን ነክሶ ቀረ። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ እንኳ ይሄው በግ ከአፉ አልወጣም ነበር።

«ስለ በግ ማውራት ካልጨረስክ መኪናው ጥሎህ ይሄዳል» አልኩት።

ከኪሱ ካርቶን አውጥቶ እጄ ላይ አደረገና ሳያየኝ ሄደ። ካየኝ እንደማይሄድ ያውቃል። እንዲህ ይላል፦

«ሴት ከሆነች ኢዲል በያት፤ ሙሉ ማለት ነው። ወንድ ከሆነ አንቺ አውጪለት። አምና ብቻሽን ነው ቢላ ስር የገባሽው። ማክሰኞ እጅሽን ይዤ እቆማለሁ፣ ቢያባርሩኝም አልወጣም። እኔ እስክመጣ ድረስ የትም እንዳትሄጂ።»

ካርቶኑን ትራሴ ስር ከተትኩት። እስክመጣ ድረስ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ደስ አለኝ።

*

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወገቤን ያዘኝ። አላመነታሁም፤ ዳጊ ያለችውን አድርጌያለሁ። ሸምሶንም አልወቅሳትም፤ ጫማዋን በትክክል ሳታጠልቅ ባጃጅ ጠርታ፣ «ቀስ በል! ጉድጓዱን አታይም?» እያለች ሹፌሩን እየደበደበች ሆስፒታል አደረሰችኝ። ባጃጁ ውስጥ እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ዳጊ ሆዴን ዳሰሰች፣ አየች፣ ተነሳች። «ምጥ ጀምሯል። ማክሰኞን አንጠብቅም፤ አሁን እንግባ።» ወረቀት አመጣች። «ፈርሚ። ያንቺ ፊርማ በቂ ነው፤ ባልም አማትም አያስፈልግም፣ አካልሽ ነው።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ያን ጊዜ ሸምሶ ከኋላዋ «ልጄ ሳይሰማ?» አለች።

ሸምሶ ክፉ ሆና አይደለም። ኩልሚዬ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለመውለድ ኦፕራሲዮን ገብታ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ወጣች። ጨርቁን የቆረጠችው ራሷ ሸምሶ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦፕራሲዮን ሲባል ጆሮዋን ትይዛለች።

«አንዴ ልደውልለት» ብላ ኮሪደር ላይ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ድምጿ ይሰማኛል። ስልኩ አልሠራም፤ የደወሌ መንገድ በረሃ ነው፣ መስመር ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ በድምፅ ላከችለት። በሶማሊኛ ነው፣ በዚያችው በቀሌይ ቃል፤ ያለችው ይሄን ብቻ ነው፦ «ሮብሌ፣ ዛሬ ይቀል እያሉ ነው። ምን ትላለህ?» ስሜን አልጠራችም። መቼ ጠርታ ታውቃለች? ታስ እንኳ አላለችም፤ ፍርሃት ምላሷን አሳጥሮት ነበር።

ዳጊ ከእኔ ጋር ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ የሸምሶ ስልክ ጮኸ። መልሱ በድምፅ ነው። ነፋስና የከባድ መኪና ጩኸት አለበት፣ በመሀሉ ግን የሮብሌ ድምፅ፣ የማውቀው፣ የምወደው፣ ሲቆጣ የሚሻክረው ድምፁ፦

«ሆዮ፣ ያን ላ ቀሊን! ኢላ አን ኢማዶ፣ ያን ላ ቀሊን!»

ማንም አልተረጎመልኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እስክመጣ ድረስ እንዳይቀል።

ዳጊ ሶማሊኛ አትሰማም። አዋላጇን ሰምሰምን «ምን አለ?» አለቻት። ሰምሰም የድሬ ሶማሌ ናት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «እኔ እስክመጣ ኦፕራሲዮን አይሁን ነው የሚለው» አለች። ሸምሶ መልሳ ደወለች። መስመር የለም።

«ከደወሌ እዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ዳጊ።

«አራት ሰዓት» አልኩ እኔ፤ ማንንም ሳላስቀድም። «ሰምቷል አይደል? ተነስቷል ማለት ነው። ይደርሳል።»

«ናፊሳ፣ ስሚኝ። ማህፀንሽ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ምጥ አይችልም። ቢተረተር ልጅሽንም አንቺንም በደቂቃ ነው የማጣችሁ። አራት ሰዓት የለኝም።»

«አልፈርምም አላልኩም ዶክተር። ባሌ እጄን ይዞ ይቆማል። እንደዛ ብሎኛል።»

እስክሪብቶውን መለስኩላት። አሁን ስትሰሙት ሞኝ ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ በሉኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ሞኝ የሆንኩ አልመሰለኝም። አምና ብርሃኑ ዓይኔ ላይ ሲበራ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በላዬ ሲነጋገሩ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ዘንድሮ የሚመጣልኝ ሰው አለኝ። የሚወደድ ሰው ይጠብቃል፤ እንደዛ ነው ያሰብኩት።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ ብረቱ አልጋ እንኳ ሞቀ። ምጡ ሲመጣ ካርቶኑን እነክሳለሁ። ዳጊ ትመጣለች፣ ትለምነኛለች፣ ሌላ ሴት ስትጮህ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትመጣለች። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ሸምሶ ራሷ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ሙስባሃዋ፣ የዱዓ መቁጠሪያዋ፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ፈርሚ» አለችኝ። «ፈርሚ፣ እሱን እኔ እመልስለታለሁ። ፊትሽ ደስ አላለኝም።»

«እስኪመጣ ድረስ ብሏል፣ ኢዶ» አልኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ውስጤ የሆነ ነገር ተቀደደ። ሸምሶ ጨርቅ በመቀስ ጫፍ ነክታ በእጇ ጭርር ስታደርገው እንደሚሰማው ነው፤ ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ይሁን በሥጋዬ አላውቅም። ከዚያ ምጡ ቀጥ አለ። ቀጥ! አላህ ያያል፣ ደስ አለኝ። አረፍኩ ብዬ ነበር። ሰምሰም የልጅ ልብ የሚያዳምጡበትን ዕቃ ሆዴ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አነሳችው። ሌላ ቦታ አደረገችው። ደግሞ ሌላ ቦታ። ቀና ስትል ዓይናችን ተገናኘ፤ ቶሎ ብላ መለሰችው።

«ዶክተር!» ስትል የሰማሁት ጩኸት የመጨረሻው ነው።

*

እሑድ ጠዋት ዳጊ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ አልደበቀችኝም።

«ስፌቱ ተተርትሮ ነበር። ልጅሽን ስናወጣት በሕይወት አልነበረችም፤ ሴት ነበረች። ደሙ አልቆም ሲል አንቺን ለማትረፍ ማህፀንሽን ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ናፊሳ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እሰማለሁ። አላለቀስኩም። እንባ የሚመጣው ከሆነ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ የለም። ያሰብኩት ስለ ሮብሌ ነው። አራት ሰዓት የነበረው መንገድ ሙሉ ቀን ሆነ፤ አልመጣም። እንዳይቀል ብሎ አዘዘ፣ እሱ ግን አልመጣም። አልጋ ላይ እንዳለሁ ነገሩን ሁሉ ጨረስኩት፦ ከሆስፒታል ስወጣ ሐርላ እሄዳለሁ፣ ፍቺውን ሽማግሌዎች ይጨርሱታል፣ ፊቱንም አላይም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሸምሶ የፈራችው ቢላ ደረሰ፤ እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ይጠላኛል ብዬ የማልጠረጥረው ሰው እንደሚጠላኝ አመንኩ። ከልጄ ሞት ይልቅ ያን ጊዜ ይሄ አመመኝ፤ አሁን ሳወራው ያሳፍረኛል፣ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ሩጫ ሰማሁ። እርምጃውን አወቅኩት። መጋረጃዬ ተዘግቷል፤ ሸምሶ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበረች።

«ሆዮ! ደረስኩ!» አለ። ያለከልካል፣ ይስቃል! «አዴር ደውሎ ‹ወልዳለች፣ ቶሎ ና› አለኝና ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ ነው ያደርኩት። የት ናት? ምንድነው? ሴት ናት?»

ሸምሶ አልመለሰችም።

«ምነው ዝም አልሽ? አዴር ነው አይደል? አረደው! እስክመጣ ያን ላ ቀሊን አላልኩሽም?»

«ማንን?» አለች ሸምሶ። ድምጿ የእሷ አይመስልም።

«ዋንኪን ነዋ!»

ዋንኪ። በጉን። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። የእኔ ልጅ ሞታ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ፣ ይሄ ሰው ስለ በግ ይጠይቃል!

«አንቺ አይደለሽ እንዴ» አለ ሮብሌ፣ ሳቁ እየጠፋ፣ «ዛሬ ይቀል እያሉ ነው ያልሽኝ? አዴር እንደገና በጉ ላይ መጣ ብዬ ነው የመለስኩት። የእሷማ ማክሰኞ አይደል? ሆዮ? ሆዮ፣ ምን ሆንሽ?»

ሸምሶ የጮኸችውን ጩኸት ቃል አልለውም። ከግድግዳው ጋር ተንሸራታ ስትወድቅ ሙስባሃዋ ተበጥሶ ፍሬዎቹ በመጋረጃዬ ስር እየተንከባለሉ ገቡ። አንዱ አልጋዬ እግር ጋ ደርሶ ቆመ። እሱን እያየሁ ነው የገባኝ።

አማርኛ ቢሆን ኖሮ! በአማርኛ ለበጉ አይታረድ ይባላል፣ ለእኔ አትታረድ። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ። ሶማሊኛዋ ያቺን ፊደል አታውቅም፤ ለበጉም ለእኔም ያው ያን ላ ቀሊን ናት። ሸምሶም አንዴ፣ አንዴ ብቻ ስሜን ብትጠራ ኖሮ በጉ በበግነቱ፣ እኔም በሰውነቴ በታወቅን ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ሮብሌ ቆሟል። በአንድ እጁ ከጠረፍ የገዛት መዳፍ የምታክል ቢጫ ቀሚስ አለች። አየኝ። ጠፍጣፋውን ብርድ ልብስ አየ። አልጋው አጠገብ ምንም እንደሌለ አየ።

«ናፊሳ» አለ በአማርኛ።

እናቱ ከኋላው እየተደገፈች ገባች። «እኔ ነኝ» አለችው፣ እሷም በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ። «ዶክተሯ ትፈርም ስትል እኔ ከለከልኳት። ወረቀቱን ከእጇ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ልጅህን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሷን አትናገራት።»

ውሸቷን ነው። ወረቀቱን አልነጠቀችኝም። እንዲያውም ይዛልኝ መጥታ ለምናኛለች። ሮብሌ ወደ እሷ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ልጅ ለእናቱ ሊያሳያት አይገባም። ዝም ማለት እችል ነበር። ሦስት ዓመት ታስ ስትለኝ የኖረች ሴት በገዛ አፏ ሸክሙን ወስዳዋለች፤ እኔ ዝም ብል ሮብሌ እሷን ይጠላል፣ እኔን ያቅፋል፣ አለቀ።

«ትዋሻለች» አልኩ። «ሮብሌ፣ እናትህ ትዋሻለች። ያንቺ ፊርማ በቂ ነው ተብዬ ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። እሷ ራሷ መጥታ ፈርሚ ብላኛለች። እኔ ነኝ አልፈርምም ያልኩት።»

«ለምን?» አለ።

«እጅሽን ይዤ እቆማለሁ ብለኸኝ! እስክመጣ ድረስ የትም እንዳትሄጂ ብለኸኝ! ስትናገር ሰማሁህ፣ በገዛ ጆሮዬ፣ እስክመጣ ስትል። ተነስተህ መንገድ ላይ ነህ ብዬ... አንተን ስጠብቅ ነው፣ ሮብሌ። ልጃችንን አንተን ስጠብቅባት ነው የገደልኳት።»

ያን ጊዜ እንባው መጣ። ሆዴ የተሰፋ ስለሆነ ማልቀስ እንኳ ቢላ ነው፤ እያቃሰትኩ አለቀስኩ። ሮብሌ ተንበረከከ። ቢጫዋ ቀሚስ ወለሉ ላይ ወደቀች። ማክሰኞ ይዤ እቆማለሁ ያለውን እጄን በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩን ጣቶቼ ላይ ደፋ፤ በሎሚ የመታሁትን ግንባር። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ማን ማንን ይቅር ይላል? እጄ በእንባው ሲርስ ይወደኝ እንደነበር፣ አሁንም እንደሚወደኝ አወቅኩ፤ ማወቄ ግን ምንም አላቀለለኝም።

*

ልጅቷ እስከዚያ አልተቀበረችም ነበር። ቅዳሜውኑ ይቅበሯት ሲባል ሸምሶ «አባቷ ሳያያት አፈር አይነካትም» ብላ በሰው ሁሉ ላይ ተነስታለች። ከሱቋ ነጭ ጣቃ አስመጥታ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ቆርጣለች። እህቷን የገነዘች እጅ ናት፤ ልኩን ታውቃለች። የተረፈው ጨርቅ ብዙ ነበር አሉ፤ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የሚበቃው ትንሽ ነው።

ዐብዲገኒ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐይ ሳይጠነክር እንውጣ አለ። ሮብሌ ተነሳ፣ እናቱ ጋ ሄዶ ነጩን ጥቅልል ተቀበላት። አመጣልኝ። ፊቷን ገልጦ አሳየኝ። አገጯ የእሱ ነው። ከንፈሯ የማን እንደሆነ ለይቼ ሳልጨርስ መልሶ ሸፈናት፤ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«በምን ስም እንቅበራት?» አለ ዐብዲገኒ ለስለስ ብሎ። «ስም ሳይኖራት አይሆንም።»

ያኔ ሸምሶ ወደ አልጋዬ መጣች። ዝቅ አለች። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ሆነ። በአንድ ቀን አርጅታለች።

«ናፊሳ» አለችኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትለኛለች ብዬ የጠበቅኳት ቃል ናት። ልጅ ታቅፌ፣ እልልታ እየቀለጠ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ትለኛለች ብዬ ነበር የማስበው።

«ናፊሳ፣ ልጅሽን ማን እንበላት?»

ከትራሴ ስር ካርቶኑን አወጣሁ። ጥርሴ የነከሰበት ጠርዙ ተፈልጧል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ሰጠኋት። ሸምሶ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ገልብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ኢዲል» አልኳት። «ሙሉ ማለት ነው።»

«ኢዲል ሮብሌ» አለች። ዐብዲገኒ ደገመው። ሮብሌ ልጁን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ሰው መስሎ ወጣ። እርምጃው ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ተሰማኝ።

ሁለታችን ቀረን። ሸምሶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተበተኑትን የሙስባሃ ፍሬዎች መዳፏ ላይ ይዛ ታገላብጣለች።

«ናፊሳ» አለች።

ዞሬ አየኋት።

«ናፊሳ።»

«አቤት።»

አንዷን ፍሬ አገላበጠችና ደግሞ «ናፊሳ» አለች። «አቤት፣ ሆዮ» አልኳት። እነሱ ከመቃብር እስኪመለሱ ድረስ ስሜን ትጠራለች፣ እኔም አቤት እላለሁ።